ወርቅ ጥርስ በሩ ላይ የሰቀላት ፒስተን

የተዋወቅን ቀን እግሩን ልሰብረው ለጥቂት ነው የተረፈው።

ኧረ ሆን ብዬ አይደለም! ሆን ብዬ የጎዳሁት በኋላ ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ምንም አልደብቃችሁም።

የእጅ ጋሪ እየገፋሁ ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ገባሁ። ጋሪው ላይ የጫንኩት ቴስታታ ነው፤ ላልገባችሁ የሞተር ክዳን በሉት። የተራ መኪና ክዳን ግን እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ስድስቱም እንደ ተማሪ በአንድ መስመር የተሰለፉ። ስለዚህ ክዳኑም ረዥም ነው፣ ከባድ ነው፣ ግትር ነው። በሩ ደፍ ላይ የጋሪው ጎማ ተያዘ፣ ጋሪው ዘመመ፣ ቴስታታው ዱብ! አንድ ልጅ ጫማ አጠገብ፣ አንድ ጣት እንኳ በማይሞላ ርቀት።

ልጁ ወደ ኋላ አልዘለለም። መጀመሪያ ወደ ታች አየ። ከዛ እኔን አየኝ።

«እህት፣ ይሄ ቴስታታ ነው ወይስ አግዳሚ ወንበር?»

«አግዳሚ ወንበር ነው። ደክሞህ ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁልህ።»

ሳቀ። በናታችሁ ሳቁን ብታዩት! ፊቱ በብረት ብናኝ ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ላጥልኝ። ሁለት ሚሊ።»

«ሁለት ሚሊ? ለምንድነው?»

«ጉልበት እንዲጨምር ነዋ። ክዳኑ ሲላጥ እሳቱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል፣ ሞተሩ አጥብቆ ያምቃል። አላውቅም መሰለህ?»

«ታውቂያለሽ። ግን ሁለት ሚሊ ከላጥኩት ቫልቩ ወርዶ ፒስተኑን ይስመዋል።»

ይስመዋል ሲል ጆሮዬ ለምን እንደጋለ አልገባኝም።

«እሺ አንድ ተኩል።»

«ገበያ መሰለሽ እንዴ? አንድ!»

አንድ ሆነ። ማሽኑን እያዘጋጀ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ማንን ልትቀጪ ነው እንዲህ ጉልበት የፈለግሽው?»

ጠየቀኛ! እኔን ከጠየቁኝ ደግሞ አልመለስም። እማዬ «ሬዲዮ» ነው የምትለኝ፤ መዝጊያው የጠፋበት ሬዲዮ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ለእናንተም ልዘርግፍ።

አባዬን መንገዱ በሙሉ «ጋሽ ስድስት» ነው የሚለው። ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነካው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ብቻ ነው። ድምፁን ከአጥር ውጪ ሰምቶ የቱ ሲሊንደር እንደታመመ የሚናገር ሰው ነው። በዓመት አንዴ ድንጋይ ማውጫው ጋ የአቀበት ውድድር አለ። እነዛ አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች ግድግዳ በሚያህል ዳገት ላይ ይለቀቃሉ፤ ጫፍ የደረሰ ይደርሳል፣ ያልደረሰ እያፈረ ይወርዳል። አምና አባዬ በራሱ መኪና ወጣ። ስድስት ወር የለፋበት ሞተር ነው። ዳገቱን አጋምሶ ትንሽ እንዳለፈ ሞተሩ ነከሰ። ቀጥ! ሕዝብ እያየው በገመድ ተጎትቶ ወረደ። ሲፈታ ስድስተኛዋ ፒስተን መሀሏ ቀልጦ ተበስታለች። ጣት ያስገባል።

መሸነፍ ያለ ነው። የሚያንገበግበው ከዛ በኋላ የመጣው ነው።

ከኛ ፊት ለፊት ሌላ ጋራዥ አለ። ባለቤቱን ወርቅ ጥርስ እንለዋለን፤ ሲስቅ ጥርሱ ነው ቀድሞ የሚስቀው። ያችን የተበሳች ፒስተን ከአሮጌ ብረት ሰብሳቢው ላይ አግኝቶ፣ በሽቦ አስሮ፣ በሩ ላይ ሰቀላት። ከስሯ በትልቁ ጻፈ፦ «ድሮ ጋሽ ስድስት፣ ዛሬ ጋሽ አምስት»።

ሰው ሳቀ። ስሙ ያዘ። ደንበኛ «ጋሽ አምስት አሉ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ፣ ከዛ መጠየቁም ቀረ። አባዬ ከዛ ቀን ጀምሮ የሞተር ክዳን አልከፈተም። ጎማ ይለጥፋል። ጠዋት በር ሲከፍት ዓይኑ ማዶ እንዳያርፍ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚከፍተው። የገዛ አባታችሁ አንገቱን ሲደፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዓመቱን ሙሉ አየሁ።

ትምህርት በጨረስኩ ማግስት ጓደኞቼ ስለ ልብስ ሲያወሩ እኔ የአባዬን ቱታ አሳጥሬ ለበስኩ። ማልኩ። ያችን ፒስተን ወርቅ ጥርስ በገዛ እጁ፣ ሕዝብ እያየው ያወርዳታል!

ይሄን ሁሉ ለቶርኖ ቤቱ ልጅ ነገርኩት። ወርቅ ጥርስ የሚለውን ስም ስጠራ ማሽኑን አቆመው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ በወሬ ሞላሁት። ቴስታታውን ልጦ ሲጨርስ ጋሪው ላይ ራሱ ጫነልኝ።

«ስትገጥሚው እኔም ልገኝ? ከሥራ በኋላ።»

«ለምን?»

«አላውቅም። እንዲሁ።»

«እንዲሁ» የሚል ወንድ አትመኑ ይላሉ። እኔ አመንኩ።

መምጣት ጀመረ። ከሥራ ሲወጣ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ፣ በኋላ በር በኩል። ለምን በኋላ በር እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሞኝ ነኝ። ሞተሩን ገጠምን። የፒስተኖቹን ፋሻ ቀየርን፣ የአየር መግቢያውን በሞረድ አሰፋን፣ እጃችን ቆሰለ። አባዬ ጥግ ላይ ጎማውን ይለጥፋል። ግን መዶሻው በኛ ወሬ ልክ ቀስ እንደሚል ልብ እል ነበር።

አንድ ቀን ሞተሩን አስነስተን ትንሽ አሰራነውና አጠፋን።

«ካንዴላዎቹን ፍቺ» አለኝ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ማለቱ ነው።

«ሦስትና አራትን አይቻለሁ። ጥቁር ናቸው። ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። አባዬም እንደዛ ነው የሚያየው።»

«ስድስቱንም።»

«ስድስተኛዋ እኮ ካቢናው ግድግዳ ስር ተወሽቃለች! እጅ ትልጣለች። ማንም አይፈታትም፣ መሀሉን አይቶ ነው...»

«ስድስቱንም፣ ሬዲዮ።»

ፈታሁ። ሦስት ጣቴ ተላጠ። ስድስቱን ካንዴላ በቅደም ተከተል ጣውላ ላይ ደረደራቸው። በናታችሁ ልንገራችሁ፣ ሦስትና አራት እንደ ከሰል ጥቁር፣ አንድና ስድስት እንደ ጠመኔ ነጭ!

«አየሽ?» አለኝ። «ቤንዚን የሚመግበው ካርቡራተር አንድ ነው፣ የተቀመጠውም መሀል። ረዥም ገበታ አስቢ። ምግቡ መሀል ብቻ ከቀረበ መሀል ያለው ይጠግባል፣ ዳር ያለው ይራባል። አባትሽ የጠገበውን አይቶ ምግቡን ቀነሰ። ዳር ያለችው ጭራሽ ጦሟን አደረች። ቤንዚን የራባት ሲሊንደር ደግሞ አትቀዘቅዝም፣ ትቃጠላለች።»

ከኋላዬ መዶሻው ቆመ።

አባዬ ተነስቶ መጣ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አነሳቸው። የስድስተኛዋን ነጭነት በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው።

«ሠላሳ ዓመት...» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሦስትና አራትን አየሁ። እጄን እንዳይልጠኝ ብዬ።»

የተላጡ ጣቶቼን ወደ ኋላ ደበቅኩ።

ከዛ አባዬ የለበሰውን የጎማ ሽርጥ አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«ሦስት ካርቡራተር እንፈልጋለን» አለ። «ለሁለት ሁለት ሲሊንደር አንድ። ማንም እንዳይራብ። የመግቢያውን ቱቦ ትቆርጥልኛለህ፣ አንተ ልጅ?»

«እቆርጣለሁ ጋሼ።»

አባዬ ቤንዚኑን እንደቀነሰ ለልጁ ነግሬው አላውቅም ነበር። ግን ያን ሰዓት ማን ልብ አለ? እኔ የአባዬን ቀና ያለ አንገት እያየሁ ነበር።

ሦስት ካርቡራተር ሲኖር ሦስቱም እኩል መተንፈስ አለባቸው። እንዴት እንደሚለይ ታውቃላችሁ? ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ የካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ ማድረግ ነው። ሽውውው ይላል። አንዱ ያዳምጣል፣ አንዱ ብሎኑን ያዞራል። ቱቦው አጭር ነበር። ጭንቅላታችን ተነካካ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ይተነፍሳል።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱ ትንሽ ይቸኩላል...»

«እሱ ካርቡራተሩ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ።»

ቱቦው ከእጄ ወደቀ። አባዬ ከውጭ «ምንድነው የወደቀው?» አለ። «ምንም!» አልን እኩል። ሦስቱም ካርቡራተር እኩል እስኪተነፍሱ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ሥራ ነው።

ውድድሩ ሊደርስ አስር ቀን ሲቀረው ነው እማዬ ያፈነዳችው።

እማዬ ፀጉር ቤት አላት። የወርቅ ጥርስ ሚስት ደንበኛዋ ናት። «እንዴት ትሠሪላታለሽ!» ስላት «ጠላትነት ሌላ፣ ፀጉር ሌላ» ነው መልሷ። ያን ቀን ቢጉዲን እያጠበች እንደ ቀላል ነገር ወረወረችልኝ።

«ያ በኋላ በር የሚመጣው ልጅ ደግሞ የወርቅ ጥርስ የእህቱ ልጅ ነው አሉ። ያሳደገውም እሱ ነው። ሚስትየው ናት የነገረችኝ።»



በማግስቱ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«አጎትህ ደህና ናቸው?»

ቆመ። የያዘው ቁልፍ እጁ ላይ ቀረ።

«ልነግርሽ ነበር...»

«መቼ? ስንጋባ?»

ስለ ጋብቻ ማን አነሳ! ግን አንዴ ወጥቷል፣ አልመልሰውም።

«አባዬ ቤንዚን እንደቀነሰ በምን አወቅክ? የነገረህ የለም።»

«ጂግለሩን...» አለ፤ የካርቡራተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ማለት ነው። «ጠባቡን ጂግለር አምና አባትሽ ያሠሩት እኛ ቶርኖ ቤት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እንደሚቃጠል ታውቅ ነበር?»

ዓይኑን ወደ ቁልፉ መለሰ።

«ታውቅ ነበር ወይ!»

«ጠርጥሬ ነበር። ቤት ገብቼ ለአጎቴ ነገርኩት። 'አፍህን ዝጋ፣ ይቃጠል' አለኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነበር። ግን አላስቻለኝም። የውድድሩ ቀን ጠዋት እዚህ በር መጥቼ አንኳኳሁ። አንቺ ከፈትሽ። የአጎቴን ጋራዥ ቱታ ነበር የለበስኩት። 'የወርቅ ጥርስ ሰላይ!' ብለሽ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሽብኝ።»

ትዝ አለኝ። ወይኔ፣ ትዝ አለኝ! ያየሁት ቱታውን ብቻ ነበር፤ መልኩን ውሃው ሸፈነው። ስቄም ነበር።

እዚህ ላይ «አዘንኩ» እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አላዘንኩም። ይብስ ነደደኝ! ሰው ጥፋቱን ሲነግሩት ነው የሚብሰው። የአባዬ ዓመት ሙሉ የተደፋ አንገት፣ በኔ ባልዲ?

«ውሸታም! ዳግመኛ እዚህ በር እንዳትቆም። አንተም አጎትህም ዋጋችሁን ታገኛላችሁ!»

«ሬዲዮ...»

«በዛ ስም አትጥራኝ!»

በሩን ዘጋሁት። ከኋላው ቆሞ እንደነበር ጥላው በበሩ ስር ይታየኝ ነበር። ብዙ ቆመ። አልከፈትኩም።

ከዛ ክፋቴ ሠራ። ማሸነፍ ብቻ አልበቃኝም። ወርቅ ጥርስም እንደ አባዬ መሀል ዳገት ላይ እንዲነክስበት ፈለግኩ። የሱም ሞተር ባለ ስድስት ነው፣ የሱም ካርቡራተር አንድ ነው። ምን ጎደለ? ጠባብ ጂግለር!

እማዬ ጋ ሄድኩ።

«እማ፣ አንድ ምስጢር ልንገርሽ። አባዬ ዘዴውን አገኘው። ጂግለሩን አምና ካደረገው ይበልጥ ሲያጠበው ሞተሩ አበደ፣ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ። አምና የተቃጠለው በሌላ ምክንያት ነው። ለማንም እንዳትነግሪ!»

«እኔ? ለማን እነግራለሁ?»

ወሬ እንዲዛመት ከፈለጋችሁ እናቴን «ለማንም እንዳትነግሪ» በሏት። ሚስትየው ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ሰኞ ወርቅ ጥርስ ከጋራዡ እየሳቀ ሲወጣ አየሁት፤ ወሬው ደርሶታል። ጥርሱን ሳየው እኔም ሳቅኩ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ድንጋይ ማውጫው በሰው ተሞልቷል። ከፊታችን የወርቅ ጥርስ ቀይ መኪና ቆሟል፤ ተራው ከኛ በፊት ነው። ለመሳለቅ ጠጋ አልኩ። ሹፌሩን ላየው ቀና ስል...

እሱ ነው።

«አንተ ነህ የምትነዳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጂግለሩስ?»

«ጠባብ ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት፤ አጎቴ አዞኝ። ይቃጠላል አልኩት። 'ለልጅቷ አድልተህ ነው' አለኝ። ወሬውን ማን እንዳስወራው ገብቶኛል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጎበዝ ነሽ።»

«እያወቅክ ለምን ትገባለህ! ውረድ!»

«ሊያስነዳው የነበረው ልጁን ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወሩ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ሲነክስ ጎማው ይቆለፋል፣ መኪናው ይገለበጣል። እኔ እንደሚነክስ አውቃለሁ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፤ ወዲያው ጎማውን ከሞተሩ አላቅቃለሁ። አምና ዝም አልኩ። ዘንድሮ ተናገርኩ፣ የሚሰማኝ አጣሁ። ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ።»



እየሮጥኩ ወርቅ ጥርስ ጋ ሄድኩ።

«አስቁመው! ወሬው የኔ ነው! ውሸት ነው! ጂግለሩ ሞተሩን ያቃጥለዋል! ልጅህ ነው ላይ ያለው፣ የእህትህ ልጅ!»

አንተ ነው ያልኩት። እርስዎ ለማለት ጊዜ አልነበረኝም።

ወርቅ ጥርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስትፈሩ ደግሞ ይሄን አመጣችሁ? ሂጂ፣ ጋሽ አምስትን እንዲህ ብለሽ አጽናኚ!»

ባንዲራው ወረደ።

ቀዩ መኪና እየጮኸ ወጣ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዛ ሰማሁት። ባዶ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ የመሰለ ድምፅ። የራበው ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሌላው ሰው ያጨበጭባል። አባዬ እጄን ያዘ፤ እሱም ሰምቷል።

«ነከሰ» አለ አባዬ።

ጭሱ ቦለል አለ። መኪናው መሀል ዳገት ላይ ቆመ። ከዛ ወደ ኋላ...

ጎማው አልተቆለፈም። ፍሪሲዮኑን ረግጧል! ግን ወደ ኋላ መምጣቱ አልቀረም። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ... ሰው ጮኸ፣ ሸሸ። እሱ አንገቱን አዙሮ መሪውን ሲጠመዝዝ አየሁት፤ የአሸዋው ክምር ውስጥ በጀርባው ገብቶ ተቀበረ። ጸጥ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሩን ስከፍተው ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ ግራ እጁን በቀኙ ይዟል።

«አለህ? አለህ ወይ? አናግረኝ!»

«ስድስተኛዋ ናት» አለኝ። «አልፈታኋትም ግን እርግጠኛ ነኝ።»

መሳቅም ማልቀስም አንድ ላይ መጣብኝ። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ። ያንቺ ተራ ነው።»

«አልነዳም! ምንም አልፈልግም!»

«ትነጃለሽ።» ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። «እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ በጀርባዬ የመጣሁት አንቺ እንድትቀመጪ አይደለም። ሂጂ!»

አባዬ መጣ። የልጁን እጅ አይቶ በራሱ ሻርፕ አሰረለት። ከዛ እኔን አየኝ።

«ልንዳው?»

«እኔ ነኝ የምነዳው» አልኩ። አፍንጫዬን በቱታዬ እጅጌ ጠረግኩ።

ወጣሁ። ማርሹን ዝቅ አድርጌ ሦስቱንም ካርቡራተር ከፈትኩ። ስድስቱም እኩል በልተው፣ እኩል ጠግበው፣ እኩል ሲገፉ በወንበሩ በኩል ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። አባዬ የቆመበት ቦታ ስደርስ፣ አምና የቆመበት ማለቴ ነው፣ ጥርሴን ነከስኩ። ሰማይ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዛ የመኪናው አፍንጫ ጎንበስ አለ፣ ማዶው ታየ። ጫፍ ላይ ነኝ።

ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ስድብ ነው።

ዋንጫውን ለአባዬ አስታቅፌ በቀጥታ ወደ ወርቅ ጥርስ በር ነዳሁ። ሕዝቡ ተከተለኝ። ወርቅ ጥርስ ቀድሞን ደርሶ በሩን ሊዘጋ ነበር።

«አውርዳት!»

«ሠራተኛ ልላክ...»

«በገዛ እጅህ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የአባትሽ እኩያ ነኝ!»

«የአባቴ እኩያማ አይደለህም!»

ሰዉ «አውርድ! አውርድ!» ማለት ጀመረ። ወርቅ ጥርስ የዘይት በርሜል ላይ ወጣ። ሽቦው ዝጎ አልፈታ አለው። ጣቱን ወጋው፣ በርሜሉ ተንገዳገደ፣ ሰው ሳቀ። አባዬ ቀስ ብሎ ወደ በርሜሉ ተጠጋና ፒንሳ አቀበለው። ወርቅ ጥርስ ፒንሳውን ሲቀበል ፊቱ የሆነውን እኔ በሕይወቴ አልረሳውም። ጥርሱ አልታየም።

«የራሱን ስቀሉለት!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «የዛሬዋን! ስድስተኛዋን!»

ሁሉም ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ደግ ሰው ነው። «ተዉት» ይላል ብዬ ነበር።

«ትሰቀል» አለ አባዬ። «አንድ ሳምንት ይበቃዋል።»

ደስ አለኝ! መዋሸት ምን ያደርግልኛል? ከእግር ጥፍሬ እስከ ፀጉሬ ደስ አለኝ። እያጨበጨብኩ ደስታዬን ላካፍለው ዞር ስል... የለም።

የተሰበረ እጁን ይዞ ብቻውን ሐኪም ቤት ሄዷል። እኔ በቀሌን ስበላ እሱን ማን እንዳደረሰው እንኳ አላየሁም።

ከዛ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። አጎቱ ከቤት አስወጣው። ቶርኖ በአንድ እጅ አይሠራም፣ ከሥራም አሰናበቱት። አንድ ጓደኛው ጋ እንዳረፈ ሰማሁ። ሁለቴ እዛ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለጥቂት ልገድለው የነበረ ሰው ፊት ቆሜ ምን ልበል? «ሳላውቅ ነው»? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ያ የአጎቱ ልጅ ቢሆን ኖሮስ?

ጄሶው የተፈታ ቀን እሱው መጣ። በፊት ለፊቱ በር። እኔ መኪና ስር ነበርኩ፤ ጫማውን አየሁና እዛው ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ሥራ ይኖራል?» ሲል ሰማሁ።

«ሥራ ነው የምትፈልገው ወይስ ልጄን?»

መኪና ስር ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሁለቱንም፣ ጋሼ።»

«ሁለት ነገር ባንዴ አልሰጥም። ምረጥ።»

«እንግዲያው ሥራው ይቅርብኝ።»

አባዬ ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። «ሥራውን እሷን ጠይቃት። እዚህ አለቃዋ እሷ ናት። እኔ ሞተር ብቻ ነው የምሠራው።»

ጫማዎቹ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ከዛ ጎንበስ አለና ፊቱ መጣ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። አባዬ ከላይ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። ምናልባት ለዛ ይሆናል የደፈርኩት።

«ይቅርታ!» አልኩት። «ለባልዲውም፣ ለወሬውም፣ ለሁሉም!»

«ምን?»

«ይቅርታ!»

«አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮኻል!»

«ይቅርታ አድርግልኝ ነው የምልህ!»

አባዬ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥ አለ። እሱ መኪናው ስር ተንፏቆ ገብቶ ጎኔ ተጋደመ። ሳቁን መደበቅ አቅቶታል።

«ገና በመጀመሪያው ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «ደግመሽ እንድትዪው ነው።»

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ። እጄ ግን የተሰበረውን እጁን ያዘ።

ደገምኩለት። ቀስ ብዬ፣ ጆሮው ስር። አባዬ እንዳይሰማን።